ልጄ ለውትድርና ስልጠና ሄደ፤ በሁለት ደቂቃ ስልክ ምን ይባላል?

የአማኑኤል መምህርት
ኅዳር 9 ቀን 2011

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ሆዴ አልችል አለ።

የምኖረው አማኑኤል ነው፤ ከማርቆስ ወደ ደንበጫ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ከተማ። አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ገበሬ ነው። ሁለተኛው ልጃችን ጥቅምት 19 ለመከላከያ ስልጠና ሄደ። 19 ዓመቱ ነው። ማንም አልገፋውም። ማስታወቂያውን አይቶ፣ ተመዝግቦ፣ የጤና ምርመራውን ጨርሶ ነው የነገረን።

የደረሰው ሁርሶ ማሰልጠኛ ነው። ብር ሸለቆ ማሰልጠኛ ቢሆን እዚሁ ጎጃም ነው፤ ክፉ ቀን ቢመጣ በግማሽ ቀን እደርሳለሁ ብዬ እጽናና ነበር። ሁርሶ ግን ድሬዳዋ አጠገብ ነው። ዓባይን ወርዶ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ አዋሽን አልፎ። እኔ በሕይወቴ ከአዲስ አበባ ወዲያ ሄጄ አላውቅም።

የሄደ ዕለት በሶ አዘጋጅቼለት ነበር። ሻንጣው አልበቃ ብሎት ግማሹን ትቶት ሄደ። መኪናው ድረስ ልሸኝህ ስለው «እማ፣ ጓደኞቼ ያዩኛል» አለኝ። አጥሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ነጠላ ጫማው እስከ ዛሬ በር ላይ ናት። ጠዋት ስጠርግ ዙሪያዋን ጠርጌ አልፋለሁ። ላነሳት እጄ አልታዘዝ አለኝ።

16 ቀን ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። ስልኩ ዝግ ነው። «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴት በሕልሜ ሁሉ እሰማታለሁ። ባለፈው ረቡዕ ክፍል ውስጥ እያለሁ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ልጆቹን ዝም በሉ ብዬ ወጣሁ። «እማ» አለኝ። እኔ ጉሮሮዬ ተናነቀ። «እማ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ያለችኝ» አለ። «በላህ ወይ?» አልኩት። ማልቀስ ጀመርኩ። «እማ አታልቅሺ» አለኝ። «በላህ ወይ?» አልኩት እንደገና። ተቋረጠ።

16 ቀን የጠበቅኩት ስልክ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። የልጄን ሁለት ደቂቃ በላሁበት። ባለቤቴ ደግሞ አይናገርም። ጎህ ሲቀድ ለጤፍ አጨዳ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። «ልጁ ደወለ» ስለው «ደህና ነው?» ብሎ ብቻ ወጣ።

ልጆቻችሁን የላካችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ቀጥሎ ሲደውል ምን ልበለው?


የቡሬ እናት
ኅዳር 9 ቀን 2011

እህቴ፣ አይዞሽ። ብቻሽን አይደለሽም። የኔ ልጅ ሴት ናት። ቢሾፍቱ ያለው የመከላከያ ምሕንድስና ኮሌጅ ነው የገባችው። ትምህርት ነው ብዬ ተዝናንቼ ነበር። መጀመሪያ የሚጠብቃት ግን ያው ውትድርናው ነው። ፀጉሯን አሳጥራ የተነሳችውን ፎቶ ስታሳየኝ ልጄ አልመሰለችኝም።

የመጀመሪያው ስልክ ላይ እኔም እንዳንቺው ሆንኩ። ከዚያ አንድ ነገር ለመድኩ። የምነግራትን በወረቀት እጽፋለሁ። የቀን መቁጠሪያ ቀዳድጄ ጀርባው ላይ። አምስት ነገር፣ ከዚያ አይበልጥም። ስልኩ ሲጮህ ወረቀቱን እይዛለሁ። ዓይኔ እንባ ቢያቀር እንኳ ማንበብ አያቅተኝም። አስተማሪ አይደለሽ? ያንቺ ከኔ ይሻላል።


የብቸናው
ኅዳር 9 ቀን 2011

እህታችን፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ለቅሶው አይታየኝም። አገሩ እኮ የበላይ ዘለቀ አገር ነው። አምስት ዓመት ጠላትን መግቢያ መውጫ ያሳጡት የኛው ልጆች ናቸው። ልጅሽ ወዶ፣ ፈቅዶ ሄዷል። ኩሪበት። እናት ስታለቅስ የልጅ ወኔ ይሰለባል።


የአማኑኤል መምህርት
ኅዳር 10 ቀን 2011

የቡሬ እናት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ዛሬ ጀምሬያለሁ።

የብቸናው ወንድሜ፣ ክፉ አስበህ እንዳልተናገርክ አውቃለሁ። ኩራት የለኝም አላልኩም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ልጄ ወታደር ሊሆን ሄደ» የምለው ቀና ብዬ ነው። ግን እኮ ኩራቱም እንባውም ካንድ አንጀት ነው የሚወጣው። አንዱን ዋጪው ብትለኝ ሌላውም አብሮ ይዋጣል።


እናት ዓለም ከሞጣ
ኅዳር 10 ቀን 2011

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። የምጽፈውም በልጅ ልጄ እጅ ነው። አንድ ነገር ላውጋሽ።

በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ ስድስት ወር ሰልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ተባለ። ወንድሜን በ1977 ከገበያ አፈሱት። በግ ሊሸጥ ወጥቶ ነው። በጉ ብቻውን ወደ ቤት መጣ። እናቴ በጉን ስታይ ምንም ሳይነግሯት አወቀች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የተባለው ስድስት ዓመት ሆነ። የት እንደሰለጠነ እንኳ የነገረን የለም። በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ደረሰን። አንዱ ሲደርሰን ከተጻፈ ዓመት አልፎት ነበር።

እናቴ በቁሟ ነው ያለቀችው። ማታ ማታ በሩን አትዘጋም። ቢመጣ ተዘግቶ እንዳያገኘው ብላ። ጅብ ይገባል ስንላት «ይግባ» ትላለች።

ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በየመንገዱ ፈሰሰ። ባዶ እግሩን፣ ቁራሽ እየለመነ። ወንድሜ ሰኔ ላይ በምሽት ደረሰ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጢም በጢም ሆኖ። እኛ ማን እንደሆነ አላወቅነውም። ግቢው ውስጥ ሳል አለ። እናቴ ከውስጥ ሆና በሳሉ አወቀችው።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። ያንቺ ልጅ ወዶ ሄዷል፤ ያለበትንም ታውቂያለሽ። በ16 ቀኑ ድምፁን ሰምተሻል። እናቴ ያን ሁለት ደቂቃ ብታገኝ ኖሮ መሬት ትስም ነበር። ማልቀስሽንም አትጸጸቺበት። ልጁ የሰማው የእናቱን ድምፅ ነው። ድምፁ ይበቃዋል።


ጡረተኛው መቶ አለቃ
ኅዳር 11 ቀን 2011

ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። ብዙ ዓመት ምልምል ወታደር አሰልጥኛለሁ። ስለ ሁርሶ የዛሬ አሠራር አልናገርም። በእኔ ጊዜ የነበረውን ግን ልንገርሽ፣ እህቴ፤ ጨለማው ትንሽ ይገፈፍልሽ እንደሆነ።

ስልክ የሚሰበሰበው ልጆቹን ለማሰቃየት አይደለም። ማታ ማታ ከቤቱ ጋር የሚያወራ ልጅ ልቡ ሁለት ቦታ ይሆናል። ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል። ጠዋት ከ11 ሰዓት በፊት ፊሽካ ሲነፋ መነሳት ያቅተዋል። ሩጫ ላይ ይወድቃል። ሲወድቅ ይገሠጻል። ሲገሠጽ ቤቱ ይናፍቀዋል። ይኸው እየተዞረ ነው። ስልኩ ከራቀ ግን ሦስት፣ አራት ሳምንት ይከብደዋል እንጂ ጓዶቹን ይለምዳል። ከጎኑ የሚተኛው የወላይታ ልጅ፣ የወለጋ ልጅ፣ የአፋር ልጅ ወንድም ይሆነዋል። አንዱ ሲታመም ሌላው ሻይ ይዞለት ሲሮጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ቀኑ ሙሉ ነው። ሩጫ፣ ቁርስ፣ ሰልፍ፣ የክፍል ትምህርት፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም፣ ማታ ደግሞ የጥበቃ ተራ። ልጅሽ አልደወለም ማለት አንድ ነገር ሆኗል ማለት አይደለም። ተራው አልደረሰም፣ ወይ ደክሞት ከነጫማው ተኝቷል ማለት ነው። ይህን እመኚኝ። ከስክስ ጫማውን ሳይፈታ የተኛ ልጅ ስንቱን ቀስቅሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ያዢ። ሲደውል ያለበትን የጦር ክፍል፣ ማለትም ሻለቃውን፣ ሻምበሉንና የመቶውን ጠይቀሽ ጻፊ። ስሙን እስከ አያት አድርጊና አንድ ላይ አስቀምጪው። የግድ የምትፈልጊው ቀን ከመጣ ልጅሽን የሚያገኝልሽ እሱ ነው። ያለዚያ ሺህ ሰው ውስጥ አንድ ስም ይዞ መፈለግ ከባድ ነው።

ስለ እንባው የብቸናው ወንድማችን ያለውን አነበብኩ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ወኔን የሚሰልበው እንባ አይደለም። «ና፣ ተመለስ፣ እኔ ልሞት ነው» የሚለው ቃል ነው። እንዲህ የተባለ ልጅ ስልኩን ሲመልስ ፊቱ ይታወቀኛል። ማታ ሄጄ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።


ነርሷ
ኅዳር 11 ቀን 2011

ከዳንግላ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ልጁ የደጋ ልጅ ስለሆነ ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

አማኑኤል ወባ ብዙ አያውቅም። ሁርሶ ግን ቆላ ነው። ወባ በሌለበት ያደገ ሰው ሲታመም ይበረታበታል። ስለዚህ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከተሰማው «ጉንፋን ነው» ብሎ ወይ አሰልጣኙን አፍሮ እንዳይደብቅ ንገሪው። በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ። ወባ ቶሎ ከተያዘ ይድናል፤ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። ውሃም እስኪጠማው አይጠብቅ።

እግሩ ውሃ ከቋጠረ ቆዳውን ልጦ አይጣለው። ቆዳው ራሱ ፋሻ ነው። ካልሲው ደረቅ ይሁን፤ በሁለት ካልሲ ይቀያይር።

ስላንቺ ደግሞ። እናቶች እንቅልፍ አጥተው፣ ምግብ አስጠልቷቸው፣ ጨጓራ ነው ብለው ይመጡብኛል። ስጠይቃቸው ልጅ ሄዶባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆን ያለ ነው። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ካልተኛሽ፣ ሥራ መሥራት ካቃተሽ፣ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ለጤና ባለሙያ ንገሪ። ማታ ቡና ቀንሺ። ስልኩን ትራስ ሥር ይዘሽ አትተኚ፤ ይጮኻል እያልሽ እንቅልፍሽ የዶሮ እንቅልፍ ይሆናል። ጮክ ብሎ እንዲጠራ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ተዪው።


አገሬ ናፈቀኝ
ኅዳር 12 ቀን 2011

እኔ ውጭ አገር ነው ያለሁት፣ ትውልዴ ሰከላ ነው። ምነው ዝም ብላችሁ ለቀቃችሁት? ልጁ ሥራ አጥቶ እንጂ ወዶ አይመስለኝም። ሠርቶ የሚገባበት ቢኖረው ይሄድ ነበር? እናት የምታለቅሰው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም።


የአማኑኤል መምህርት
ኅዳር 12 ቀን 2011

እውነትህን ነው፣ ሥራ አልነበረውም። አሥረኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም። ሁለት ዓመት ከአባቱ ጋር አርሷል፤ መሬቱ ግን ለሦስት ወንድማማች አይበቃም። ይህን አልደብቅም።

ግን አንድ ማታ ምን እንዳለኝ ልንገርህ። «እማ፣ አንቺ ስታስተምሪ ሰው መምህርት ይልሻል። እኔን ግን የእገሌ ልጅ ነው የሚሉኝ። የራሴ መጠሪያ እፈልጋለሁ» አለኝ። ይህን ያለኝን ልጅ በምን አፌ ልከልክለው? በዚያ ላይ ባለፈው ሐምሌ ከኤርትራ ጋር እርቅ ወርዷል። በእነ ባድመ ጊዜ ሰፈራችን ስንት መርዶ ገባ። ልጄ የሄደው ስልክ በተከፈተበት፣ ዘመድ ከዘመድ በተገናኘበት ዓመት ነው ብዬ እጽናናለሁ። ሰላሙን ያርግልን።


የደንበጫ አባት
ኅዳር 13 ቀን 2011

እህት፣ እኔ የምጽፈው ላንቺ ሳይሆን ለባለቤትሽ ነው። አንብቢለት።

የኔ የበኩር ልጅ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው የሄደው። እኔ አልፈለግሁም። የእህል ንግዱን እንዲይዝልኝ ነበር ሐሳቤ። «ከዚህ ቤት ከወጣህ ልጄ አይደለህም» አልኩት። ጠዋት ሲሄድ ከአልጋዬ አልተነሳሁም። ነቅቼ ነበር። ጉልበት ሊስም በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ኮቴውን ሰማሁት። ተኝቻለሁ መሰለው፣ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ለእናቱ ይደውላል፣ ለአጎቱ ይደውላል። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ሲዘጋ ጠብቄ «ምን አለ?» እላለሁ። እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። ሰው ጥሎታል ይለኛል። እኔ እኮ ጥዬው አይደለም። አፌን ከከፈትኩ የሚወጣውን ስለማላውቀው ነው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ቆሜ በርበሬ ሳስመዝን ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። «አባባ፣ ነገ እመረቃለሁ። አንተ ሳትመርቀኝ ግን እንዴት ልመረቅ?» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ሰክቼ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ እዚያው ገበያ መሐል መረቅሁት። ሂድ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ ጥይት ይሳትህ፣ ከጓድህ አይለይህ፣ በሰላም ለደጃፍህ ያብቃህ አልኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አሜን የሚል ድምፅ በዛብኝ። ስገልጥ በርበሬ ነጋዴው ሚዛኑን አስቀምጦ፣ ባልቴቶቹም ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ያችን ዕለት ሰው ፊት አለቀስሁ።

ባለቤትሽ ዝም ያለው ልቡ ደርቆ እንዳይመስልሽ። ስልኩ ሲመጣ ዝም ብለሽ እጁ ላይ አስቀምጪለት። «አናግረው» አትበይው። እጁ ላይ ብቻ አድርጊለት።


የአማኑኤል መምህርት
ኅዳር 13 ቀን 2011

ጋሼ፣ አነበብኩለት። ምንም አላለኝም። ግን «እስኪ ያቺን የገበያዋን ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ወጥቶ ከብቶቹ ጋ ብዙ ቆየ።


የቀድሞ ምልምል
ኅዳር 14 ቀን 2011

እማማ፣ እኔ 26 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሰልጥኜ፣ አገልግዬ በክብር ተሰናብቻለሁ። እስካሁን ወላጆች ናቸው የጻፉት፤ እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ያለውን ልንገርዎት።

እኛ ጋ ስልክ እሑድ ነበር። አንድ ስልክ፣ ኋላው የሰው ሰልፍ። የሚያወሩትን ከኋላ ያለው ሁሉ ይሰማል። ሁሉም እናት «በላህ ወይ?» ነው የምትለው። የአማራም ትሁን የኦሮሞ፣ የጉራጌም ትሁን፣ ልጁ በየቋንቋው «በልቻለሁ» ሲል እንሰማለን። ስለዚህ እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።

ግን እኔ መስማት የምፈልገው ሌላ ነበር። መስማት የምፈልገው ቤቱን ነው። አንድ ቀን እናቴ «ዶሮዋ ፈለፈለች፤ ስምንት ጫጩት። አንዱ ጥቁር ነው» አለችኝ። ደቂቃዬ አለቀ፣ ዘጋሁ። ያን ሌሊት ጥበቃ ላይ ነበርኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ስምንቱን ጫጩት እየቆጠርኩ አነጋሁ። ጥቁሩ የት ነው የሚተኛው፣ ጭልፊት መጥቶ ይሆን እያልኩ። ቤቴ ውስጥ ነበርኩ ማለት ነው።

«ናፈቅኸኝ» ይበሉት። ግን «መቼ ነው የምትመጣው?» አይበሉት። እሱም አያውቀውም። የማያውቀውን ሲጠየቅ ያፍራል። «ከበደህ ወይ?» ብለው ቢጠይቁትም ሰው እየሰማ «አዎ» አይልም። «ምን አዲስ ነገር ተማርክ?» ይበሉት፤ ያን ጊዜ ያወራል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ስልጠና ላይ እያለሁ አያቴ አረፈች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤተሰቦቼ ደበቁኝ። በየእሑዱ «አያቴስ?» እላለሁ፣ «ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሉኛል። በፈቃድ ስመጣ እናቴ ጥቁር ለብሳ ተቀበለችኝ። አራት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ እልክ ነበር። ዛሬም ድረስ አንድ ነገር ስጠይቅ «ደህና ነው» ሲሉኝ አላምንም። እባክዎ አይደብቁት።


እናት ዓለም ከሞጣ
ኅዳር 14 ቀን 2011

ልጄ፣ ቁስልህ ገብቶኛል። ግን እናትህንም እይላት። መርዶ እኮ በስልክ አይነገርም። ሰው ሳይከበው፣ ትከሻ የሚሰጠው ወዳጅ ሳይኖረው፣ በሰው አገር ልቡ ቢሰበርስ ብላ ነው። በኛ አገር መርዶ ሌሊት ነው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ቤቱ ባለበት። እሷ ያን ወግ ነው የጠበቀችው።


ጡረተኛው መቶ አለቃ
ኅዳር 14 ቀን 2011

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። መካከለኛ መንገድም አለ። ሻምበሉንና የመቶውን ጻፊ ያልኩት ለዚህም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቀድማችሁ ለአለቃው ንገሩ። እኔ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣልኝ የአገሩን ልጅ እፈልጋለሁ። ጎጃሜ ከሆነ ጎጃሜውን፣ ጎንደሬ ከሆነ ጎንደሬውን። ሦስት አራት ሆነን ከመኝታው ጠርተን እናረዳዋለን። አብረን እንቀመጣለን። ልጆቹ ሳንቲም አዋጥተው ቡና ያፈላሉ። ወጉ እዚያም አለ።

እኔ ራሴ እናቴን ብዙ ጊዜ አልደወልኩላትም ነበር። ሥራ ነው እያልኩ። ዛሬ ልደውል ብል የለችም። የሰልጣኞቼን እናቶች ድምፅ ግን እስከ አሁን አስታውሳለሁ።


የእንጅባራው
ኅዳር 16 ቀን 2011

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በቶሎ። ወንድሜ ስልጠና ላይ ሳለ አንድ ሰው እናታችን ጋ ደወለ። «ልጅዎ ታሟል፣ ሆስፒታል ነው፣ መድኃኒት መግዣ የ500 ብር ካርድ ሞልታችሁ ቁጥሩን ላኩልኝ» አለ። ስሙን ያውቃል። እናቴ እያለቀሰች ካርድ ፍቃ ላከች። ልጁ ደህና ነበር። ሌባ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ «የየትኛው ሻምበል ልጅ ነው?» በሉት። ይዘጋባችኋል። የልጆቻችሁን መሄድ ለማያውቁት ሰው አታውሩ።


የአማኑኤል መምህርት
ኅዳር 21 ቀን 2011

ዛሬ ጽዮን ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ተስዬ መጣሁ። ሁላችሁንም በየስማችሁ ባላውቅም አሰብኳችሁ።

እሑድ አልደወለም። ቢሆንም መቶ አለቃው እንዳሉት ከነጫማው ተኝቷል ብዬ ተኛሁ። እውነቴን ነው፣ ተኛሁ።

ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። የባለቤቴ እናት ከታመሙ ወር ሆናቸው። ልጄ «እምዬ» ነው የሚላቸው። ልደብቀው ወስኜ ነበር። የባሕር ዳሩን ልጅ ካነበብኩ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ልጁ ከሄደ ወዲህ ረጅም ያወራነው ያን ማታ ነው። «ሞተች አይባልም፣ ዳነችም አይባልም። ታማለች ይባላል» አለኝ። እንደዚያው እናደርጋለን።

ወረቀቴ ላይ ያለው ይኸው፦ ጤፉ ታጭዷል። ታናሽ እህትህ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። የጎረቤታችን ልጅ ለጥር ሠርግ ቀን ቆርጠዋል። ትኩሳት ከተሰማህ በዚያው ቀን ተናገር። ሻምበልህ ስንት ነው? እምዬ ታማለች፣ ስምህን ታነሳለች። ስድስት ሆነ፤ አንዱን ለመቀነስ አቃተኝ።


የቡሬ እናት
ኅዳር 21 ቀን 2011

ስድስቱንም አንብቢለት። ፈጠን እያልሽ።


የአማኑኤል መምህርት
ታኅሣሥ 14 ቀን 2011

ደወለ!

ዛሬ እሑድ ነው። ከቅዳሴ ተመልሰን ውድማ ላይ ነበርን። ትናንት የተወቃውን ጤፍ በኩንታል እየሞላን ነበር። ሞባይሌ በመቀነቴ ውስጥ ጮኸ። ወረቀቴን አወጣሁ። «እማ!» አለ። ድምፁ ወፍሯል። ወይ ጉድ፣ ጎርንኗል። «ልጄ፣ ደህና ነህ?» አልኩት። አላለቀስኩም። «ደህና ነኝ። አምስት ደቂቃ ሰጡን» አለኝ። ወረቀቱን ልጀምር ስል «እማ፣ ጤፉ ተወቃ?» አለኝ።

ባለቤቴ እህል የሚያዘራበትን ላይዳውን ይዞ ቆሟል። ደንበጫ ያሉት ጋሼ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ምንም ሳልል ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «አዎ ተወቃ» አለ። ከዚያ ጀመረ። ነጩ ስምንት ኩንታል እንደወጣው። ሠርገኛው ትንሽ ዝናብ መትቶት እንደጠቆረ። ወራጁ አጠገብ ያለውን ማሳ ውሃ እንደበላው፣ ለከርሞ እርከን እንደሚሠራበት። ቀዩ በሬ እግሩን ተወግቶ እንደነበር፣ አሁን እንደተሻለው። ልጁ ወዲያ ማዶ ይጠይቃል። እሱ ይመልሳል። ላይዳውን በአንድ እጁ እንደያዘ ነው። ገለባው ነፋስ እየወሰደው ፀጉሩ ላይ ያርፋል፣ አያራግፈውም። «እምዬስ?» ያለው መሰለኝ፤ «ታማለች። አልጋ ላይ ናት። ትጠራሃለች» አለው። ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ «ጸሎትህ ይድረሳት» አለው። «ሻምበልህ ስንት ነው? እናትህ ትጻፍ» አለው። እኔ እርሳስ አልያዝኩም ነበር። እየደጋገመ ጮክ ብሎ ነገረኝ።

«ና ከእናትህ ጋር» ሲለው ጊዜው አለቀ። ተቋረጠ።

ባለቤቴ ስልኩን አየው፣ አየኝ። «በላሁብሽ» አለኝ። አምስቱም ደቂቃ በጤፍ አለቀ። እኔ አንድም ነገር ከወረቀቴ አላነበብኩም። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወረቀቱን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ መልሻለሁ። ከሥሩ ላይዳውንና ገለባውን ጽፌበታለሁ፤ አባቱ እንዴት ሆኖ ሲያናግረው እንደነበር እነግረዋለሁ። ነርሷ እህቴ፣ ካልሲው የጥጥ ይሻላል የሱፍ? ጥር ላይ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሹፌር አግኝቻለሁ። የተረፈችውን በሶም እልካለሁ።


የቀድሞ ምልምል
ታኅሣሥ 14 ቀን 2011

እማማ፣ የሱፍ። ወፈር ያለ፣ እስከ ቅልጥም የሚደርስ። ከስክሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው የሚልጠው። ሦስት ጥንድ ይላኩለት፤ አንዱን ካልሲ ለሌለው ጓዱ ይሰጠዋል።